በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ

"ቲቸር፣ እንቅርትና ጆሮ ደግፍ ሁለቱም አንገት አካባቢ አይደል የሚያብጡት? ታዲያ ለምን አንዱ ይተላለፋል፣ ሌላው አይተላለፍም?"

ይህን የጠየቀችኝ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስለ ሰው ልጅ በሽታዎች እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ እንደ ወትሮው ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ፤ ተላላፊ፣ ከምግብ ጉድለት የሚመጣ፣ በዘር የሚወረስ፣ ከዕድሜና ከአኗኗር የሚመጣ። ልጅቷ ግን የጠየቀችኝ ከሠንጠረዡ ሳይሆን ከተረቱ ነው። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለውን ስንቴ ብዬዋለሁ። መብራት ጠፍቶ ውኃም ሲሄድ፣ የቤት ኪራይ ሲጨመር። ውስጡን ግን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር።

ተረቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት በሽታ አለ። ጆሮ ደግፍ የገባ ነገር ያመጣው ነው። ቫይረስ ነው። በምራቅ፣ በሳልና በማስነጠስ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። ጆሮ ሥር ያሉትን የምራቅ ዕጢዎች ያሳብጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም በሳምንት በአሥር ቀን ይለቃል። እንቅርት ደግሞ ያልገባ ነገር ያመጣው ነው። ሰውነት አዮዲን ሲያጣ፣ አንገት ላይ ያለችው ዕጢ ያገኘችውን ጥቂት ለመልቀም ስትታገል እየሰፋች ትሄዳለች። አንዱ ከሰው ይመጣል፤ ሌላው ከአፈር ይቀራል። ላየው ሰው ግን ሁለቱም እብጠት ናቸው።

ለልጅቷ እንዲህ ብዬ መለስኩላት። እሷ አመስግናኝ ተቀመጠች። እኔ ግን ያን ቀን ቤቴ ስገባ ሐሳቡ አልለቀቀኝም። ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም ነው። በልጅነቴ በሽታ ሲባል ሁሉም አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ከየት መጣ ለሚለውም የሠፈራችን መልስ ከሦስት አይበልጥም፤ ከእግዜር፣ ከሰው ዓይን፣ ወይም ከታመመ ሰው። በዚያ መልስ ምክንያት ያደረግሁት አንድ ነገር አለ። እስክደርስበት ታገሡኝ።

መጀመሪያ አያቴን ላንሳት። አያቴ እንቅርት ነበረባት። አንገቷ ላይ በረድፍ የተነቀሰች ናት፤ ግማሹ ለጌጥ፣ ግማሹ እንቅርቱን ያስታግሣል ተብሎ። እንግዳ ሲመጣ ነጠላዋን ወደ ላይ ሳብ ታደርጋለች። ልጅ ሆኜ ያ እብጠት ከእርጅና ጋር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። የማውቃቸው አሮጊቶች ብዙዎቹ ነበረባቸዋ።

የአያቴ በሽታ ምክንያት ከእሷ በጣም ሩቅ ነው። አዮዲን በብዛት ያለው ባሕር ውስጥ ነው። ደጋው ላይ ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ወርዷል። ከዚያ አፈር የበቀለው ጤፍም ገብስም ድንችም አዮዲን ያንሰዋል። ያንን በልቶ የሚኖር ሰውም እንደዚያው። የሚገርመው የሚያስፈልገን መጠን ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል። የዕድሜ ልክ ድርሻችን ቢጠራቀም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። አያቴ አንገቷን ስትሸፍን የኖረችው ለዚያች ለማትሞላ ማንኪያ ነው።

ከሚታየው እብጠት ደግሞ የማይታየው ይብሳል። እናት በእርግዝናዋ አዮዲን ከጎደላት የፅንሱ አእምሮ እንደሚገባው አያድግም። ትምህርት አልገባ የሚለው ልጅ "ሰነፍ" ይባላል። መምህር ስሆን ይህን ቃል ስንት ጊዜ ከአፌ እንዳወጣሁት አስቤ አዝናለሁ።

መድኃኒቱ ጨው ውስጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በአገራችን ወጣ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ አዮዲን ያለው ጨው ፀሐይና እሳት አይወድም። ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። እናቴ ጨዋን ምድጃው አናት ላይ ክፍቱን ነው የምታስቀምጠው። ስለዚህ ጉዳይ እስካሁን እንጨቃጨቃለን።

እንቅርት እንዲህ ነው፤ ምክንያቱ አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ። ሠንጠረዤ ላይ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ሌሎቹ ግን እንቢ ይላሉ።

ጨጓራን እንውሰድ። እኛ ቤት ጨጓራ የአባቴ በሽታ ነበር። ምክንያቱም ይታወቃል ተብሎ ነበር፤ በርበሬና ንዴት። አባቴ አሥር ዓመት ሙሉ አልጫ በላ። አታናድዱት እየተባለ እኛም እግራችንን ከፍ አድርገን ነበር የምንራመደው። ዓለሙም ያኔ የሚያስበው እንደኛው ነበር፤ የጨጓራ ቁስል የጭንቀትና የአሲድ ነገር ነው ይባል ነበር። ከዚያ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ ከብዙው ቁስል ጀርባ አንድ ባክቴሪያ አለ ብለው ተነሡ። የሚያምናቸው ሲጠፋ እ.ኤ.አ. በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ጨጓራው ታመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የሚለውን የባክቴሪያውን ስም የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። የጨጓራ ሕመም ሁሉ ከእሱ አይመጣም፤ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ማብዛትም ጨጓራን ያቆስላል። አባቴ ግን ተመርምሮ ተገኘበት፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ጨረሰ፣ ቀይ ወጥም በላ። ስንፈራው የኖርነው ንዴቱ ጥፋት አልነበረበትም።

ካንሰርም እንዲሁ ነው። "ካንሰር አይተላለፍም" ብዬ አስተምራለሁ፤ ትክክልም ነው። ግን የማኅፀን በር ካንሰርን በአብዛኛው የሚያመጣው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የዚህ ቫይረስ ክትባት በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። እኛ ትምህርት ቤት ሲሰጥ አንድ አባት መጡ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ግራ ገብቷቸው ነበር። "የኔ ልጅ ካንሰር የለባትም፤ ለምን ትወጋለች?" አሉኝ። ቁጭ ብለን አወራን። ከጀርም የሚመጣ ካንሰር መኖሩን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "እንግዲያው ታናሿስ?" ብለው ጠየቁኝ።

ወባ ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሮኛል። አባቶቻችን ወባ የት እንደሚኖር ያውቁ ነበር። ቆላ ወርደው አያድሩም፣ ቤታቸውንም ከፍታ ላይ ይሠራሉ። ትንኟን ግን አያውቋትም። ቦታውን ይዘው ምክንያቱን አጡ። ቦታውም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ወዳለው አገር ወጣች። በዚያ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። እዚህ አትመጣም ብሎ የኖረ ሕዝብ ነው በእንቅልፉ የተያዘው።

ይህን ሁሉ የምለው ወደ እትዬ ለመድረስ ነው።

ስማቸውን አልጽፍም። ሠፈራችን ውስጥ ሁሉም እትዬ ነበር የሚላቸው። ቤታቸው ከእኛ ቤት በታች፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። የሁለት እግሮቻቸው ከጉልበት በታች ያበጠ ነበር። ቆዳው ሻክሮ፣ ጣቶቻቸው ላይ እብጥ እብጥ ያለ ነገር ወጥቶበት ነበር። ዝሆኔ ይባላል። እባብ ተራምደው ነው የሚል ነበር። እርግማን ነው የሚል ነበር። የሚጋባ ነው የሚለው ግን ሁሉም ነበር። እኛ ልጆች በሄዱበት መንገድ ስንሄድ ዳናቸውን እየዘለልን ነበር የምናልፈው።

እትዬ ፈትል ይፈትሉ ነበር። እንደ እሳቸው አሳምራ የምትፈትል ሴት አልነበረችም። የሠፈሩ ሰው ሁሉ በእሳቸው ድር የተሠራ ነጠላና ጋቢ ይለብሳል። በእሳቸው ዋንጫ ጠላ የሚጠጣ ግን የለም። ሠርግ ሲኖር ድርሻቸው ቤታቸው ይላክላቸዋል፤ እንዳይመጡ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሲመጡ ዛፍ ሥር ለብቻቸው ይቆማሉ።

አንድ ቀን እናቴ ፈትል አምጣ ብላ ላከችኝ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመቴ ነው። እትዬ ፈትሉን ሰጡኝና "ጠብቅ" ብለው ትኩስ ቆሎ በእጄ ዘገኑልኝ። ተቀበልኩ። ከአጥሩ ወጥቼ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ቆሎውን ቁጥቋጦ ውስጥ በተንኩት። ዞር ስል በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ምንም አላሉኝም። ለእናቴም አልነገሩም። እኔም ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖርኩ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው እትዬ የታመሙት በምን እንደሆነ ያወቅሁት። በሌላው ዓለም እግርን እንዲህ የሚያሳብጠው በብዛት በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው። በእኛ ደጋ ግን ትሉ የለም፤ የታመመው ሰው ግን ብዙ ነው። ተመራማሪዎች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ገበያ ለገበያ እየዞሩ የሰው እግር ይቆጥሩ ነበር። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሥጋ ደዌን ለማከም ነበር፤ እነዚህን እግሮች ግን ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም። በሽታው ያለበትን አገር ሲከታተል ቀይ የሸክላ አፈር ላይ አረፈ፤ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ፣ ከፍ ያለና ብዙ ዝናብ የሚያገኝ አገር አፈር። የታማሚዎች ብሽሽት ውስጥ ያሉት ዕጢዎች ሲመረመሩ የዚያው አፈር ማዕድን ደቃቅ ብናኝ ተገኘባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ያንን ብናኝ በእግሩ ቆዳ በኩል ወደ ውስጥ ያስገባል። ብናኙ ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይገባል። ሰውነት ያንን ባዕድ ነገር ሊዋጋ ሲነሣ ቱቦዎቹ ይቆስላሉ፣ ይጠባሉ፣ ይዘጋሉ። ፈሳሹ መመለሻ ያጣና እግር ውስጥ ይቀራል። አንድ ቀን አይደለም፤ ዓመታት ይፈጃል። መጀመሪያ ማሳከክና ማቃጠል፣ ከዚያ ማታ ማታ ማበጥ፣ ከዚያ የማይመለስ እብጠት። ፕራይስ ከግሪክኛ "እግር" እና "ብናኝ" ከሚሉት ቃላት ስም ሰጠው፤ ፖዶኮኒዮሲስ። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንዳለበት ይገመታል።

ትል የለም። ባክቴሪያ የለም። ቫይረስ የለም። ከእትዬ እግር ወደ እኔ እጅ ሊሻገር የሚችል አንድም ነገር አልነበረም። ይህን ያነበብኩት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ያን ቀን ሌላ ነገር ማንበብ አልቻልኩም።

ግን ጥያቄ ይቀራል። አገሩ ሁሉ በባዶ እግሩ እየሄደ ለምን እሳቸው? ለምን አንዱ ወንድም ታሞ ሌላው ይድናል? እዚህ ላይ ዘር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የወላይታ ታማሚዎችን አጥንተው አንድ ነገር አገኙ። ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይበትን ሥርዓት የሚመሩ ዘረመሎች ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ዓይነት ለዚህ በሽታ ያጋልጣል።

ይህን ክፍል ውስጥ ማስተማር ያስፈራኛል። እውነቱን ነው የምናገረው። "ዘር ነው" የሚለው ቃል በእኛ አገር ምን እንደሚሠራ አይቻለሁ። የእትዬ እህት እግሯ ደህና ነበር፤ "ከዚያ ቤት አይጋባም" ተብላ ግን ሳታገባ ቀረች። ሳይንሱ መጥቶ ለዚያ ጭካኔ ምስክር የሆነ ይመስላል። አይደለም። የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን አፈሩን ያለመቋቋም ጠባይ ነው። ያንኑ ዘር ይዞ የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ፣ እግሩንም ከታጠበ፣ በሽታው አይወጣበትም። አፈሩ ብቻውን አያሳምምም። ዘሩ ብቻውን አያሳምምም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ባዶ እግር ነው። ባዶ እግር ደግሞ ድህነት ነው። ታዲያ ይህን በሽታ ሠንጠረዤ ላይ የት ላድርገው? ከዘር? ከአካባቢ? ከድህነት? ለድህነት ደግሞ ሠንጠረዡ ላይ ቦታ የለም።

በዚህም አያበቃም። ያበጠው ቆዳ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ባክቴሪያ ይገባል። እግር ይግላል፣ ትኩሳት ይነሣል፣ ሰው ለቀናት አልጋ ላይ ይውላል። ይኸውላችሁ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። የማይተላለፈው በሽታ ለጀርም በር ይከፍታል። ሽታው የሚመጣው ያኔ ነው። ሰው "ይጋባል" ብሎ እንዲሸሽ ያደረገውም ይኸው ሽታ ይመስለኛል።

ሕክምናው ግን ቀላል ነው። ንጹሕ ውኃና ሳሙና። ጠብታ በረኪና የገባበት ውኃ ውስጥ እግርን መዘፍዘፍ። ቫዝሊን መቀባት። በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ ከፍ ማድረግ። ካልሲና ድፍን ጫማ። በረባሶ አይበቃም፣ አፈሩን ያስገባል። በእኛው ምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ይህን እንክብካቤ ወዲያው ያላገኙት ሰዎች በአማካይ በዓመት 24 ጊዜ ያህል ያ ትኩሳት ይጥላቸው ነበር። ያገኙት ወደ 19 ጊዜ ዝቅ አለላቸው። በወረቀት ሲታይ ትንሽ ልዩነት ነው። በመኸር ሰሞን ለወደቀ ገበሬ ግን አምስት ጊዜ መትረፍ ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጅ ያውቀዋል።

ባለፈው ክረምት አገሬ ገባሁ። ወደ እትዬ ቤት ወረድኩ። አርጅተዋል፤ ፈትሉን ግን አልተዉም። እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በልካቸው የተሰፋ ሰፊ ጫማ አድርገዋል። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ተምረው በየማታው ይታጠባሉ። እብጠቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ቀንሷል። ቁስል የለም፣ ሽታ የለም።

ስለ አፈሩ እኔም እንደገና አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ እንዝርቱን አስቀመጡና "አይ ልጄ፣ ለማላውቀው ኃጢአት ነው እንግዲህ አርባ ዓመት ንስሐ የገባሁት" አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ የቆሎውን ነገር አነሣሁባቸው። ይቅር በሉኝ አልኳቸው። አስታውሰውት እንደሆነ ከፊታቸው ለማወቅ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። "ልጅ አልነበርክ?" ብቻ አሉ። ተነሥተው ምጣዱን ጣዱ። ገብስና ሽንብራ ቆሉ። በእጄ ዘገኑልኝ፣ በላሁ።

እዚያው እያለን ከደጅ ጩኸት ተሰማ። ልጃቸው የራሷን ልጅ እየተቆጣች ነው። ልጅቷ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ለቤተ ክርስቲያንና ለበዓል ብላ የገዛችላትን ድፍን የፕላስቲክ ጫማ አድርጋ ወደ ድንቹ ማሳ ልትወርድ ነው። እኛ አገር ጫማ የሚጠበቀው ከጭቃ ነው። ሰው ጭቃው እስኪያልፍ በእጁ ይዞት ይሄዳል፤ ከተማ ሲደርስ ያደርገዋል። ሥራ ላይ እግር፣ በዓል ላይ ጫማ።

"አውልቂው! አዲሱን ጫማ በጭቃ ልታቦኪው ነው?" ትላለች እናት።

እትዬ ከተቀመጡበት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ተያት፤ ይቡካ" አሉ።

ልጅቷ እናቷን አየት፣ አያቷን አየት አደረገች። ከዚያ ከነጫማዋ ወደ ቀዩ ጭቃ ወረደች።